ኔቲ ስቲቨንስ፦ የጾታን ምስጢር በክሮሞሶም ውስጥ ያገኙት ተመራማሪ

ልጅ ሲፀነስ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው የሚለው ጥያቄ የሰውን ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያነጋግር ኖሯል። ጥያቄው የሊቃውንት መከራከሪያ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቤት የሐዘንና የጠብ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። በበርካታ የዓለም ክፍሎች፣ በአገራችንም ጭምር፣ ተከታትለው ሴት ልጆችን የወለዱ እናቶች እንደ ጥፋተኛ ተቆጥረው ተወቅሰዋል፤ ትዳራቸው በዚሁ ሰበብ የፈረሰባቸውም ጥቂት አይደሉም። ይህ ወቀሳ መሠረት የሌለው መሆኑን በማስረጃ ያሳየው ግኝት ከመቶ ዓመት በፊት የተገኘ ሲሆን፣ ከግኝቱ ጋር ስማቸው በቅድሚያ ሊነሳ የሚገባቸው ሰው አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ኔቲ ማሪያ ስቲቨንስ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእኚህን ተመራማሪ ሕይወትና ሥራ፣ እንዲሁም ሥራቸው ስለ አጥቢ እንስሳትና ስለ ሰው ልጅ ዛሬ ለሚታወቀው እውቀት ያበረከተውን አስተዋጽኦ ለአንባብያን ያቀርባል።

የልጅነትና የትምህርት ዘመን

ኔቲ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 1861 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ካቨንዲሽ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአናጢነት ሙያ የሚተዳደሩ ሲሆን፣ እናታቸውን ያጡት ገና በሕፃንነታቸው ነበር። አባታቸው ሌላ ትዳር ከመሠረቱ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ማሳቹሴትስ ግዛት ተዛውሮ በዌስትፎርድ ከተማ ኑሮውን አደረገ። ኔቲና እኅታቸው ኤማ የተማሩትም በዚያው ከተማ ነበር።

በዘመኑ ለሴቶች ክፍት የነበሩት የሥራ መስኮች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ትምህርት የቀመሰች ሴት በአብዛኛው መምህርት ወይም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከመሆን ያለፈ ምርጫ አልነበራትም። ኔቲ ስቲቨንስም እ.ኤ.አ. በ1880 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ በመምህርነት ሥራ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ዌስትፊልድ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ገብተው፣ አራት ዓመት ይፈጅ የነበረውን ትምህርት በሁለት ዓመት ብቻ በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። ከዚያ በኋላ በማስተማርና በቤተ መጻሕፍት ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ አሳለፉ። ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ያጠራቀሙት ገንዘብም ለዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸው ስንቅ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1896 ኔቲ ስቲቨንስ የ35 ዓመት ሴት ነበሩ። ብዙዎች የትምህርት ዘመን አልፏል በሚሉበት በዚህ ዕድሜ አገር አቋርጠው ወደ ካሊፎርኒያ በመጓዝ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1899 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1900 ደግሞ የማስተርስ ዲግሪያቸውን አገኙ። የበጋ ወራትን በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ በሚገኘው የባሕር ላይ ምርምር ጣቢያ በማሳለፍ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታትን በአጉሊ መነጽር ማጥናትን ተለማመዱ። ይህ ልምድ ለኋለኛው ሥራቸው ጥርጊያ ጎዳና ሆኗቸዋል።

ወደ ምርምር ሕይወት

በ1900 ወደ ፔንሲልቫኒያ ሄደው ብሪን ማር በተባለው የሴቶች ኮሌጅ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጀመሩ። ኮሌጁ ለሴቶች ከፍተኛ የምርምር ትምህርት ከሚሰጡ ጥቂት ተቋማት አንዱ ነበር። በዚያም በዘመኑ ከነበሩ ስመ ጥር የሥነ ሕይወት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ቶማስ ሀንት ሞርጋን አስተማሪያቸው ሆኑ። ባሳዩት ትጋት የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝተው በጣሊያን የኔፕልስ የእንስሳት ጥናት ጣቢያና በጀርመን የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለመሥራት ቻሉ። በቩርትስቡርግ የክሮሞሶምን ሚና በስፋት ያጠኑት ቴዎዶር ቦቬሪ ይሠሩ ነበር። ስቲቨንስ የክሮሞሶም ጥናት ጥልቅ ፍላጎት ያደረባቸው በእነዚህ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ከዲግሪው በኋላ የነበረው መንገድ ቀላል አልነበረም። የምርምር ሥራ ለሴት ቋሚ ደመወዝ የሚያስገኝ መስክ አልነበረም። ስቲቨንስ በማስተማር ሥራ ጊዜያቸው እንዳያልቅ በመስጋት፣ አዲስ ለተቋቋመው የዋሽንግተን ካርኔጊ ተቋም የምርምር ድጋፍ ጥያቄ አቀረቡ። ያቀረቡትም ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ የዘር ህዋሳትን አፈጣጠር ከጾታ መወሰን ጋር አያይዘው ለማጥናት ፈለጉ። ድጋፉም ተሰጣቸው። በ1905 ደግሞ ክሽክሽ በሚባሉት ቅጠል መጣጭ ነፍሳት የዘር ህዋሳት ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ በሴት ተመራማሪ ለተዘጋጀ ምርጥ ሳይንሳዊ ጽሑፍ የሚሰጠውን የኤለን ሪቻርድስ ሽልማትና 1,000 ዶላር አሸነፉ።

የዘመኑ አስተሳሰብ

የስቲቨንስን ግኝት ክብደት ለመረዳት በጊዜው የነበረውን አስተሳሰብ ማወቅ ያስፈልጋል። በጥንት ዘመን የግሪክ ፈላስፎች ጾታን ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ጋር ያያይዙት ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻም ቢሆን ብዙ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ፅንስ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው እናቲቱ በምትመገበው ምግብ፣ በአየሩ ሙቀትና በመሳሰሉት የውጭ ሁኔታዎች ነው ብለው ያምኑ ነበር። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ኃላፊነቱን ሁሉ በእናቲቱ አካልና አኗኗር ላይ የሚጥል እንደነበር ልብ ይሏል።

በሌላ በኩል ክሮሞሶሞች በህዋስ እምብርት ውስጥ የሚገኙና ቀለም ሲነከሩ በአጉሊ መነጽር የሚታዩ ዘንግ መሰል አካላት መሆናቸው ታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ጀርመናዊው ሄርማን ሄንኪንግ በአንድ የነፍሳት ዝርያ ውስጥ ግማሾቹ የወንድ ዘር ህዋሳት ብቻ የሚይዙትን እንግዳ አካል አይተው፣ ምንነቱን ስላላወቁ «ኤክስ» የሚል ምልክት ሰጡት። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ አሜሪካዊው ክላረንስ ማክለንግ ይህ አካል ከጾታ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ነገር ግን ወንድነትን የሚያስገኝ አድርገው ስለ ገመቱት ሐሳባቸው በከፊል ብቻ ትክክል ነበር። ጥያቄውን የሚቋጭ ማስረጃ ገና አልተገኘም ነበር።

የ1905 ግኝት

ስቲቨንስ ለጥናታቸው የመረጡት በዱቄትና በእህል ውስጥ የምትራባ አንዲት ጥቁር ጥንዚዛን ነበር። ጥንዚዛዋ ብዙዎች እንደ ተባይ የሚቆጥሯት ተራ ነፍሳት ብትሆንም፣ ክሮሞሶሞቿ ለመቁጠር አመቺ ነበሩ። ሥራው ከፍተኛ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር፤ ከነፍሳቱ አካል ስስ ክታፊ እየወሰዱ በቀለም በመንከር፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ያሉትን ክሮሞሶሞች አንድ በአንድ በመቁጠርና መጠናቸውን በማነጻጸር ይሠሩ ነበር።

ውጤቱም የሚከተለው ሆነ። የሴቷ ጥንዚዛ የአካል ህዋሳት 20 ትላልቅ ክሮሞሶሞችን ይዘው ተገኙ። የወንዱ የአካል ህዋሳት ደግሞ 19 ትላልቅና 1 ትንሽ ክሮሞሶም ይዘዋል። የዘር ህዋስ ሲፈጠር የክሮሞሶሙ ቁጥር በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የሴቷ እንቁላሎች ሁሉ 10 ትላልቅ ክሮሞሶሞች ይኖሯቸዋል። የወንዱ የዘር ህዋሳት ግን ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ግማሾቹ 10 ትላልቅ፣ ግማሾቹ ደግሞ 9 ትላልቅና 1 ትንሽ ክሮሞሶም ይይዛሉ። ከዚህ በመነሳት እንቁላል ከመጀመሪያው ዓይነት የወንድ ዘር ጋር ሲገናኝ ሴት፣ ከሁለተኛው ዓይነት ጋር ሲገናኝ ወንድ እንደሚፈጠር ስቲቨንስ ተረዱ። ስለዚህ ልዩነቱ የሚመጣው ከእናት ሳይሆን ከአባት ዘር ነው፤ የሚወሰነውም በምግብ ወይም በአየር ጠባይ ሳይሆን ዘርና እንቁላል በሚገናኙበት ቅጽበት ነው።

ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1905 በካርኔጊ ተቋም ታተመ። በዚያው ዓመት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኤድመንድ ቢቸር ዊልሰን በሌሎች ነፍሳት ላይ ባደረጉት ጥናት በራሳቸው መንገድ ወደ ተመሳሳይ ግኝት ደርሰው ነበር። ዊልሰን በዘመኑ እጅግ የታወቁና የተከበሩ ሊቅ ስለ ነበሩ ግኝቱ ለረጅም ጊዜ በእሳቸው ስም ብቻ ሲጠቀስ ቆይቷል። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች የሁለቱንም ሥራዎች ጎን ለጎን ከመረመሩ በኋላ ግን፣ ክሮሞሶም ጾታን ይወስናል የሚለውን ድምዳሜ ይበልጥ በግልጽ ያስቀመጡት ስቲቨንስ እንደ ነበሩ አመልክተዋል። ዊልሰን በመጀመሪያ የአካባቢ ሁኔታም ድርሻ ሊኖረው ይችላል ከሚለው ሐሳብ ፈጽመው አልተላቀቁም ነበር። የስቲቨንስ አስተማሪ የነበሩት ሞርጋንም ቢሆኑ የክሮሞሶምን ሚና ለተወሰኑ ዓመታት በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ስቲቨንስ በአንዲት ጥንዚዛ ብቻ አልተወሰኑም። አንድ ማስረጃ ለአጠቃላይ ሕግ እንደማይበቃ ስለሚያውቁ፣ በተከታዮቹ ዓመታት በርካታ የጥንዚዛና የዝንብ ዝርያዎችን መረመሩ። የፍራፍሬ ዝንብም ካጠኗቸው መካከል ነበረች። ይህችው ዝንብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሞርጋን ቤተ ሙከራ የዘረ መል ሳይንስ ዋና መሣሪያ ሆነች፤ ሞርጋን በ1910 የዓይን ቀለም የሚወስን ዘረ መል በኤክስ ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ ያረጋገጡት በእሷ አማካይነት ነው፤ ኋላም በ1933 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ስቲቨንስ በ1911 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ፊታቸውን ወደ አጥቢ እንስሳት መልሰው፣ ጊኒ ፒግ በምትባለው አነስተኛ እንስሳ ውስጥ የጾታ ክሮሞሶሞችን መኖር አመለከቱ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በኮሌጁ የነበራቸው ደረጃ ከሥራቸው ክብደት ጋር የተመጣጠነ አልነበረም። ከብዙ ጥረት በኋላ ብሪን ማር ኮሌጅ ለእሳቸው የሚሆን የምርምር ፕሮፌሰርነት ቦታ አዘጋጀ። ነገር ግን ቦታውን ሊረከቡ አልታደሉም። በጡት ካንሰር ታመው እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1912 በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ50 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የተቀበሩትም ባደጉባት በዌስትፎርድ ነው። ከዶክትሬት ዲግሪያቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው የነበረው ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ሲሆን፣ በአጠቃላይ የምርምር ዘመናቸው 40 የሚጠጉ ጥናቶችን አሳትመዋል።

ከጥንዚዛ ወደ ሰው

ስቲቨንስ የጀመሩት መንገድ ከእሳቸው በኋላ በብዙዎች ተጉዟል። የሰው ልጅ 46 ክሮሞሶሞች እንዳሉት በትክክል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ የጾታ ክሮሞሶሞች ሲሆኑ፣ በአብዛኛው ሴቶች ሁለት ኤክስ፣ ወንዶች ደግሞ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ይኖሯቸዋል። በ1959 በሰውና በአይጥ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአጥቢ እንስሳት ወንድነትን የሚያስገኘው የዋይ ክሮሞሶም መኖር መሆኑን አሳዩ። በፍራፍሬ ዝንብ ግን ወሳኙ የኤክስ ብዛት እንጂ የዋይ መኖር አይደለም፤ ተፈጥሮ አንዱን ግብ በተለያየ መንገድ እንደምትደርስበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1961 እንግሊዛዊቷ ሜሪ ላየን በሴት አጥቢዎች ህዋስ ውስጥ ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱ ሥራውን እንደሚያቆም አስረዱ። ጥቁርና ብርቱካናማ ቀለም የተቀላቀለባቸው ድመቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ሴት የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአንዳንዱ የቆዳ ክፍል አንደኛው ኤክስ፣ በሌላው ክፍል ሁለተኛው ኤክስ ይሠራልና። በ1990 ደግሞ በለንደን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፅንስ የወንድ የዘር ፍሬ እንዲያበጅ ትእዛዝ የሚሰጠውን ዘረ መል በዋይ ክሮሞሶም ላይ አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ይህ ዘረ መል ሁለት ኤክስ ባለው የአይጥ ፅንስ ውስጥ እንዲገባ ሲደረግ ፅንሱ ወንድ ሆኖ አደገ። ስቲቨንስ ከ86 ዓመት በፊት በጥንዚዛ ላይ የጀመሩት ክርክር በአጥቢ እንስሳት ዘንድ በዚህ እልባት አገኘ።

የጾታ ክሮሞሶሞች ዝግመተ ለውጥም ከዚህ ጋር አብሮ ተጠንቷል። ጃፓናዊ ዝርያ ያላቸው ሱሱሙ ኦኖ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የአጥቢ እንስሳት ኤክስ ክሮሞሶም በተለያዩ ዝርያዎች ዘንድ ተመሳሳይ ዘረ መሎችን ይዞ እንደ ቆየ አስረድተዋል። በኋላ የተካሄዱ የዘረ መል ንባቦች ኤክስና ዋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ተራ የክሮሞሶም ጥንድ እንደ ተገኙ አሳይተዋል። ዋይ ወንድነትን የሚወስን ዘረ መል ከያዘ በኋላ ከጓደኛው ጋር የሚያደርገውን የዘረ መል ልውውጥ እየተወ በመሄዱ፣ ከጥንት ዘረ መሎቹ አብዛኞቹን አጥቷል። ስቲቨንስ በአጉሊ መነጽር ያዩት የመጠን ልዩነት በነፍሳትም ዘንድ የሚታየው በተመሳሳይ ሂደት ነው።

ይህን በመመልከት ዋይ ፈጽሞ ይጠፋል ብለው የገመቱ ተመራማሪዎች ነበሩ። በእርግጥም በጃፓን አማሚ ደሴት የምትኖር አንዲት የአይጥ ዝርያ ዋይ ክሮሞሶምን ሙሉ በሙሉ ያጣች ብትሆንም ወንዶችን መውለድ አላቆመችም። የሰውና የሪሰስ ጦጣ ዋይ ክሮሞሶሞች ሲነጻጸሩ ግን፣ የሰው ዋይ ባለፉት 25 ሚሊዮን ዓመታት ከጥንት ዘረ መሎቹ ያጣው አንድ ብቻ መሆኑ በ2012 ተገልጿል። በአውስትራሊያ የምትገኘው እንቁላል ጣይ አጥቢ ፕላቲፐስ ደግሞ 10 የጾታ ክሮሞሶሞች አሏት። የሰው ዋይ ክሮሞሶም ከዳር እስከ ዳር ሙሉ በሙሉ ተነብቦ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ2023 ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ62 ሚሊዮን በላይ የዘረ መል ፊደላት ነው።

ይህ እውቀት ለዜጎች ያለው ጥቅም

ከዚህ ታሪክ በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦችን መውሰድ ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ እናት ለልጇ ሁልጊዜ የምታወርሰው ኤክስ ክሮሞሶም ነው። ልጁ ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን የሚያደርገው ከአባት የሚመጣው ኤክስ ወይም ዋይ ነው። ይህ ሲባል ግን ወቀሳው ከእናት ተነስቶ ወደ አባት ይዙር ማለት አይደለም፤ አባትም ቢሆን የትኛው ዘር ወደ እንቁላሉ እንደሚደርስ የሚመርጥበት መንገድ የለውም። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ እኩል ለእኩል የቀረበ ነው። ቀደም ሲል ሦስት ወይም አራት ሴት ልጆች መወለዳቸውም የሚቀጥለውን ልጅ ጾታ አይወስንም። ስለዚህ በልጅ ጾታ ምክንያት የትዳር ጓደኛን መውቀስ፣ ማዋረድም ሆነ መፍታት በሳይንስ ዘንድ ምንም መሠረት የለውም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ በሚገኙ ዘረ መሎች ጉድለት የሚመጡ ሕመሞች አሉ። ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄሞፊሊያና ቀይና አረንጓዴን ለይቶ ያለማየት ችግር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ወንዶች ያላቸው ኤክስ አንድ ብቻ በመሆኑ በእነዚህ ችግሮች ይበልጥ ይጠቃሉ። ትንሽ ጉዳት ሲደርስበት ደሙ ለረጅም ጊዜ የማይቆም ሕፃን ያላቸው፣ ወይም በእናት ወገን ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ወንድ ዘመዶች ያሏቸው ወላጆች፣ ከግርዛትና ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በፊት ጉዳዩን ለጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ አንዳንድ ሰዎች ከተለመደው የተለየ የጾታ ክሮሞሶም ቁጥር ይዘው ይወለዳሉ። አንድ ኤክስ ብቻ ያላቸው ሴቶችና ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ያላቸው ወንዶች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የልጃቸው የቁመት ዕድገት ወይም የጉርምስና ለውጥ እጅግ የዘገየባቸው ወላጆች ሁኔታውን እንደ እርግማን ሳይመለከቱ ወደ ጤና ተቋም ቀርበው ምርመራ ቢጠይቁ፣ ልጁ ሊያገኘው የሚችለውን የሕክምና እርዳታ በጊዜው ያገኛል።

ኔቲ ስቲቨንስ በሕይወት ሳሉ ሊሰጣቸው የሚገባው ክብር ሳይሰጣቸው አልፈዋል። ስማቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የሴቶች የክብር መዝገብ የሰፈረው ካረፉ ከ82 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ነበር። እሳቸው የቆጠሯቸው 20 ክሮሞሶሞች ግን የትኛውም እናት ሴት ልጅ በመውለዷ ጥፋተኛ እንዳልሆነች የሚመሰክሩ ማስረጃ ሆነው ይኖራሉ። ይህን እውነት ለጎረቤት፣ ለዘመድና ለልጆች ማስረዳት ደግሞ የእያንዳንዱ ያወቀ ሰው ድርሻ ነው።